ከክራር ወደ ኖታ፦ የሙዚቃ ቲዎሪን በስልክ፣ በነፃ ለመማር

ጎበሳ ተቀምጦ የሙዚቃ ቲዎሪ መማር የሚፈልግ ወጣት መምህር ፍለጋ አሰላን አልፎ አዲስ አበባ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ድረስ መሄድ ግዴታው አይደለም። መሠረታዊው ትምህርት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ችግሩ ሌላ ነው። ትምህርቶቹ የተሰናዱት ሜጀር ስኬል እየሰማ ላደገ ጆሮ ሲሆን የእኛ ጆሮ ግን ያደገው በትዝታና በባቲ ነው። ብዙ ጀማሪም ጥቂት ቀን ሞክሮ “ይሄ እኔ ከምዘፍነው ጋር ምን አገናኘው?” እያለ ይተወዋል። ስለዚህ ሕጉን ከውጭው ትምህርት ውሰዱ፤ ልምምዱን ግን በምታውቁት ቅኝት ሥሩ።

የሚያስፈልጓችሁ፦ ስማርት ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ደብተርና እርሳስ። ክራር ወይም ጊታር ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ከሌላችሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ የፒያኖ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

1. አንድ ትምህርት ብቻ ምረጡ

“ሚውዚክ ቲዎሪ ዶት ኔት” የተባለው ድረ ገጽ ለጀማሪ ይበቃል። ትምህርቶቹ ከአምስቱ የኖታ መስመሮች ተነስተው በተራ ወደ ስኬል፣ ኢንተርቫልና ኮርድ ይዘልቃሉ። አጫጭር ጽሑፎችና ሥዕሎች ስለሆኑ እንደ ቪዲዮ ብዙ ዳታ አይበሉም። ዩቲዩብን ያልገባችሁን ነገር ለመፈለግ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ሲከፈትም ጥራቱን ወደ 144 ወይም 240 ዝቅ አድርጉት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አዲስ ቃል ባጋጠማችሁ ቁጥር ትርጉሙን በራሳችሁ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ደብተር ላይ አስፍሩ።

2. አሥራ ሁለቱን ድምፆች እወቁ

የፒያኖ አፑን ከፍታችሁ ከአንዱ ዶ (በእንግሊዝኛው C) እስከ ቀጣዩ ዶ ነጩንም ጥቁሩንም ቁልፍ ሳትዘሉ ተጫኑ። 12 እርምጃ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ድምፅ ይባላል፤ ጊታር ላይ አንድ ፍሬት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስኬልም ሆነ ኮርድ የእነዚህ እርምጃዎች ቆጠራ ነው።

3. ቅኝቶቹን ቁጠሩ

ከዶ ተነስታችሁ እያንዳንዱን ቅኝት በግማሽ ድምፅ ቆጠራ አግኙት፦

ትዝታ ሜጀር፦ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3
ትዝታ ማይነር፦ 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4
ባቲ ማይነር፦ 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2
አምባሰል፦ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4
አንቺሆዬ፦ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3

የእያንዳንዱ ድምር 12 ነው፤ ካልሆነ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ ተጫወቱት፣ ቀጥሎ አብራችሁት ዝፈኑ፣ በመጨረሻ ሳትነኩ ዝፈኑና በመሣሪያው አረጋግጡ። አንድ ጥንቃቄ፦ ክራርና መሲንቆ የሚጫወት ባለሙያ የሚቃኘው በጆሮው ስለሆነ ድምፁ ከፒያኖው ትንሽ ሊለይ ይችላል። የስልኩ መቃኛ ልዩነት ስላሳየ ባለሙያው ተሳስቷል አትበሉ።

4. ማረፊያውን ድምፅ ፈልጉ

ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ትዝታ ሜጀር ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምራችሁ ላ ላይ ብታሳርፏቸው ባቲ ማይነር ይሆናሉ። የትዝታ ማይነርን ድምፆችም ከአራተኛው ጀምራችሁ እዚያው ብታሳርፏቸው የአምባሰል ቆጠራ ይወጣል። ድምፆቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው። የውጭዎቹ ትምህርቶች ቶኒክ የሚሉት ይህንን ነው። የምትወዱትን ዘፈን ከፍታችሁ የስንኙ መጨረሻ የት እንደሚያርፍ በመሣሪያችሁ ፈልጉ። ይህን በአሥር ዘፈን ከሠራችሁ ቅኝት መለየት አያስቸግራችሁም።

5. ምቱን ቁጠሩ

ችክችካ የምንለው ምት በኖታ አብዛኛውን ጊዜ 6/8 ተብሎ ይጻፋል፤ በሁለት ትልልቅ ምቶች ውስጥ ሦስት ሦስት ትንንሽ ምት አለ። በእግራችሁ ሁለቱን፣ በእጃችሁ ስድስቱን ምቱ። ዘፈኑ ከፈጠነባችሁ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.5 ወይም 0.75 ቀንሱት። ከዚያ በአካባቢያችሁ ሰርግ ላይ የተዘፈነ የአርሲ ኦሮሞ ዘፈን በስልክ ቅዱና ምቱን ራሳችሁ ቁጠሩ። እንዲህ ዓይነቱን መልስ ድረ ገጹ አይሰጣችሁም፤ የተማራችሁት መግባቱ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

6. የሰማችሁትን ጻፉ

ዜማን በምልክት መጻፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማሩ ደቀ መዛሙርት ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ጭረት የተባሉትን ምልክቶች ከቃሉ በላይ እያዩ ያዜማሉ። የአምስት መስመር ኖታ ደግሞ የድምፁን ከፍታና ርዝመት ለይቶ ያሳያል። በመጀመሪያ አራት መስፈሪያ (ባር) ብቻ በእርሳስ ጻፉ።

ኮምፒውተር የምታገኙ ከሆነ ሚውዝስኮር የተባለውን ፕሮግራም ጫኑ፤ የጻፋችሁትን መልሶ ያሰማችኋል፣ ስህተታችሁንም በጆሯችሁ ትይዙታላችሁ። ፕሮግራሙን ከ“ሚውዝስኮር ዶት ኦርግ” በነፃ ታወርዳላችሁ። በ“ዶት ኮም” የሚያልቀው ግን የተዘጋጁ ኖታዎች የሚቀመጡበትና ብዙውን ለማውረድ ክፍያ የሚጠይቅ ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ።

7. ኮርድን ወደ መጨረሻ አቆዩት

ጀማሪ ጊታር እንደያዘ የሚቸኩለው ወደ ኮርድ ነው። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ፋ እና ሲ የሉም። ስለዚህ ከቅኝቱ ሳይወጡ የሚሠሩት ባለ ሦስት ድምፅ ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዶ-ሚ-ሶል እና ላ-ዶ-ሚ። ትምህርቶቹ ደጋግመው የሚያሠሯችሁ ሶል-ሲ-ሬ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ይዞ ይገባል። መግባቱ ክልክል አይደለም፤ ግን የዘፈኑን ጠባይ ይለውጣል። ጅማ ተወልዶ በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ-ጃዝን ሲፈጥር የሠራው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፦ የጃዝ ኮርድ ከአምስቱ ድምፆች ሥር ሲገባ ቅኝቱ ጠባዩን እንዳያጣ። ሥራዎቹን ስታዳምጡ ዜማውንና ከሥሩ ያለውን ኮርድ ለይታችሁ ለመስማት ሞክሩ።

ጊዜውን እንዴት ትከፋፍሉታላችሁ?

በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፦ አሥር ደቂቃ ትምህርት፣ አሥር ደቂቃ ጆሮ ማሠልጠኛ፣ አሥር ደቂቃ መሣሪያ። ኔትወርክ በሌለበት ቀን የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ለመጻፍ አውሉት። የጆሮው ልምምድ ግን አይዘለል፤ ዓይን ብቻ የተማረው ቲዎሪ ቶሎ ይረሳል።

ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለማለፍ መድረሳችሁን በዚህ ለኩ፦ አንድ የአካባቢያችሁን ዜማ ጻፉና ዘፈኑን ለማያውቅ፣ ኖታ ለሚያነብ ሰው በቴሌግራም ላኩለት። ከወረቀቱ ተጫውቶ ቀድቶ ሲልክላችሁ ዜማው የእናንተው ከሆነ፣ “ኦፕን ሚውዚክ ቲዎሪ” ወደተባለው ነፃ መማሪያ መጽሐፍ እለፉ። ካልሆነ የተለየውን መስፈሪያ ፈልጉ፤ ስህተቱ ከፍታው ላይ ከሆነ ወደ 3ኛው፣ ርዝመቱ ላይ ከሆነ ወደ 5ኛው ደረጃ ተመለሱ።