ከመፍረድ በፊት መመዘን፦ የብር ሳንቲም ጉድፍና መንስኤው

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ ‹‹በአካባቢያችሁ ካለ ጉዳይ ተነስታችሁ ጻፉ›› ተባልን። እኔ ጽፌ ያቀረብኩት ሳይወጣ ቀረ። እንኳንም ቀረ። ዛሬ ለዚህ ቡለቲን አንባቢያን የማቀርበው ያ ጽሑፍ ለምን መውጣት እንዳልነበረበት ሳጣራ የተማርኩትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካናዳ የሚኖረው አጎቴ በ2010 ዓ.ም. ለእረፍት ሲመጣ ለእናቴ አንድ የብር ሳንቲም ይዞላት መጣ። በአንድ ፊቱ የንግሥት ኤልሳቤጥ ምስል፣ በሌላው ፊቱ ደግሞ የሜፕል ዛፍ ቅጠል አለበት፤ 2017 የሚል ዓመትም ተቀርጾበታል። እናቴ ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጠችው በኋላ አምና ‹‹አንገቴ ላይ ላድርገው እንጂ ለማን ነው የማስቀምጠው›› ብላ ፒያሳ አካባቢ ላሉ አንድ ብር ሠሪ ሰጠች። ሰውየው ሳይበይዱ ዙሪያውን የሚይዝ ማቀፊያ ሠሩለትና በሦስተኛው ቀን መለሱላት። ወር ሳይሞላ ቅጠሉ ላይ ወተት የተረጨበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አየን። አቦሉ ተቀድቶ ቶናው ሳይደርስ ቤታችን ውስጥ ፍርድ ተሰጠ፦ ‹‹ለውጠውታል!››

እኔም የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና ብዕሬን አነሳሁ። ‹‹ብር ተቀብለው ቆርቆሮ የሚመልሱ›› የሚል ርዕስ ሰጥቼ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የሱቁን አቅጣጫ ሳይቀር ጠቀስኩ። መምህራችን ረቂቁን አንብበው የጠየቁኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ ‹‹መዘንከው?››

አልመዘንኩትም ነበር።

የብር ሳንቲም ስንል

በቋንቋችን ‹‹ብር›› የገንዘባችንም የማዕድኑም ስም ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። እዚህ የምናወራው ለመገበያያ ሳይሆን ለብሩ ክብደት ተብሎ ስለሚመረት ሳንቲም ነው። የካናዳው የሜፕል ቅጠል የብር ሳንቲም መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። አንድ ትሮይ አውንስ ማለትም 31.1 ግራም ይመዝናል፤ የጎን ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር፣ የብር ንጽሕናው 99.99 በመቶ ነው። የአሜሪካው ንስር ያለበት ሳንቲም በ1986 የጀመረ ሲሆን ንጽሕናው 99.9 በመቶ ነው። የካናዳው ላይ 5 ዶላር የሚል ዋጋ ቢጻፍበትም በውስጡ ያለው ብር ከዚያ በብዙ ስለሚበልጥ በ5 ዶላር የሚገዛበት ሰው የለም።

እነዚህ ሳንቲሞች በፍጥነት፣ በብዛት የሚመቱ ናቸው። አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ ይጋጫል። ስለዚህ ከፋብሪካ አዲስ ሲወጡም ጥቃቅን የግጭት ምልክት ቢኖርባቸው ደንብ ነው። ለሰብሳቢዎች ብቻ ተብለው በተወለወለ ማኅተም የሚመቱና አንድ በአንድ በጥንቃቄ የሚያዙ ሳንቲሞችም አሉ። እነሱ ላይ ግን ጭረት ቢገኝ ገዢው ቢቆጣ አይፈረድበትም። አንድን ሳንቲም ‹‹ጉድለት አለበት›› ከማለታችን በፊት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አያቶቻችን የሚያውቋት ማርትሬዛ ከዚህ ትለያለች። ክብደቷ 28.07 ግራም ገደማ ሲሆን ከሺህ 833 እጅ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። መዳቡ ጠንካራ ያደርጋታል። ንጹሕ ብር ግን ለስላሳ ነው። የሜፕሉ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ቢጎተት እንኳ ይጫራል።

ጉድፉ መቼ መጣ?

ሳነብ ያገኘሁት ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ጉድፍን በመልኩ ሳይሆን በመጣበት ጊዜ መለየት። ብሩ ይቀልጣል፣ በመዳመጫ ይሳሳል፣ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል፣ ይታጠባል፣ እንዲለሰልስ እሳት ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻም በሁለት ማኅተሞች መካከል ተጨፍልቆ ይመታል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ምልክት ይተዋል።

አንደኛ፣ ከመመታቱ በፊት የሚመጣ። ብሩ ውስጥ ቆሻሻ ወይም አየር ተይዞ ከቀረ በኋላ ላይ ገጹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሊነሳ ይችላል። ቤታችንን ያመሰው ነጭ ነጠብጣብም ከዚሁ ወገን ነው። ሰብሳቢዎች ‹‹የወተት ጠብታ›› ይሉታል። በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ ባዶው ክብ ብር የታጠበበት ኬሚካል በደንብ ሳይለቀለቅ ጥቂት ከቀረበት፣ እሳቱ ውስጥ ሲገባ ከገጹ ጋር ይጣበቃል። ሲመታ አይታይም። ከሳምንታት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ግን ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ሳንቲሙ ከፕላስቲክ ማቀፊያው ወጥቶ ባያውቅም፣ የሰው እጅ ባይነካውም ይወጣል። የካናዳው ሮያል ሚንት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንን ነጠብጣብ ለመቀነስ ‹‹ሚንትሺልድ›› ያለውን የገጽ መከላከያ ዘዴ አስተዋውቋል። የእናቴ ሳንቲም ላይ ያለው ዓመት 2017 መሆኑን ልብ ይሏል!

ሁለተኛ፣ ሲመታ የሚመጣ። ማኅተሙ ብዙ ሲሠራ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ብር ስለሚገባ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። ይህ ለጀማሪ ጥሩ መለያ ነው፦ መስመሩ ከገጹ ከፍ ካለ የማኅተም ስንጥቅ ነው፣ ከገጹ ዝቅ ካለ ጭረት ነው። ማኅተሙ ላይ ቅባት ከተጠራቀመም ፊደል ደብዝዞ ወይም ጎድሎ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ከተመታ በኋላ የሚመጣ። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ጥፋት ነው። የጣት አሻራ ላይ ያለው ጨውና ቅባት ብሩን እየበላ ይቀራል። ሳንቲሙ ላይ ጎንበስ ብሎ ማውራት እንኳ ምራቅ ያረፈበትን ቦታ ጥቁር ነጥብ ያደርገዋል። ጥቁረቱ ደግሞ በአብዛኛው ድኝ ካለበት አየር የሚመጣ ነው። ሱፍ፣ ጎማ፣ ካርቶንና እንቁላል ብርን ያጠቁራሉ። መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማና ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ብርሃኑ የሚመለስበት መንገድ ስለሚለወጥ ነው ቀለሙ የሚቀያየረው። ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ብዙ የቆየ ሳንቲም ላይ ደግሞ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይታያል፤ ፕላስቲኩ ሲበላሽ የሚለቀው አሲድ ነው። ይህ ቶሎ ካልተወገደ ብሩን ይበላል።

እንግዲህ ሦስቱንም ስናይ ነጭ ነጠብጣብ የሐሰተኛነት ማስረጃ አይደለም። እንዲያውም የወተት ጠብታ ትክክለኛው የፋብሪካ ሳንቲም ላይ በብዛት የታወቀ ችግር ነው።

ሚዛኑ ምን አለ?

ከመምህራችን ጥያቄ በኋላ ሳንቲሙን ይዤ የሄድኩት እዚያው ብር ሠሪው ዘንድ ነው። ‹‹ጋሼ፣ ይሄን ይመዝኑልኝ›› አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ማቀፊያውን በጥንቃቄ አውልቀው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። 31.1 አለ። ጎኑን በመለኪያ ለኩልኝ፤ 38 ሚሊ ሜትር።

ክብደትና ስፋት ብቻውን ግን አይበቃም፤ አስመሳይ ውፍረቱን ጨምሮ ክብደቱን ሊያስተካክል ይችላል። ስለዚህ ቤት ስመለስ ያነበብኩትን ሌላ መንገድ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ፈቀዱልኝ። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ አድርገን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥንና ንባቡን ወደ ዜሮ መለስነው። ከዚያ ሳንቲሙን በክር አንጠልጥለን የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ውኃው ውስጥ ሰቀልነው። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው። የብር እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10.49 ግራም ስለሆነ 31.1 ለ10.49 ሲካፈል 2.96 ይመጣል። መዳብ ቢሆን 3.47፣ እርሳስ ቢሆን 2.74 ይሆን ነበር። ሚዛኑ ላይ የታየው 2.96 ነው። ማግኔትም አስጠጋን፤ አልሳበውም። ማግኔት ግን ብረት አለመሆኑን እንጂ ብር መሆኑን አይናገርም፤ መዳብንም እርሳስንም አይስብምና።

አፈርኩ። ምን ጽፌ እንደነበር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ሚዛናቸውን እየወለወሉ፦ ‹‹ልጄ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ፀጉሬ ሸብቷል። የጻፍከው ቢወጣ ግን በአንድ ሳምንት ያዘጋኝ ነበር›› አሉኝ።

ሌላም ነገር ጠየቁኝ፦ ‹‹እናትህ ስታመጣው ነጠብጣቡ አልነበረም?›› ቤት ሄጄ ስጠይቅ ከዚያ በፊት ሳንቲሙን አተኩሮ ያየ ሰው የለም። ቁም ሳጥን ውስጥ ነበራ! ‹‹ከሰጠነው በኋላ መጣ›› ያልነው ‹‹ከሰጠነው በኋላ አየነው›› ማለት ነበር። ሁለቱ አረፍተ ነገሮች አንድ አይደሉም። እኔ ግን እንደ አንድ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

የኔው ጥፋት

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ግን እናቴን ላስደስት ብዬ ቅጠሉን በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ብሩሽ ፈተግኩት። ነጠብጣቡ አለቀቀም። የለቀቀው ሌላ ነገር ነው።

አዲስ ሳንቲም ብርሃን ላይ ሲገላበጥ ጨረሩ እንደ ጎማ ቸርኬ የሚዞረው፣ ሲመታ ብሩ ወደ ዳር ሲፈስ ገጹ ላይ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን መስመሮች ስለሚቀሩበት ነው። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደቃቅ ፈታጊ ዱቄት አለ። መስመሮቹን ጠርጎ በምትካቸው የኔን የብሩሽ ጭረት ተከለበት። ይህ ተመልሶ አይመጣም። በዕቃ ማጽጃ አሲድ ውስጥ መንከርም ያው ነው፤ ጥቁረቱን ሲያነሳ ከብሩም ገጽ አብሮ ይወስዳል፣ የወተት ጠብታውን ግን አይነካውም። ሰብሳቢዎች ሳንቲምን ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ደረጃ ይመዝናሉ። ነጠብጣብ ያለበት ሳንቲም ከላይኛው ደረጃ ዝቅ ይላል፤ የተፈተገ ግን ብዙውን ጊዜ ጨርሶ መደበኛ ደረጃ አይሰጠውም። በብሩ ክብደት ብቻ ለሚገዛ ሰው ነጠብጣቡ የሚቀንሰው ነገር የለም።

ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው፦ ዳሩን በሁለት ጣት መያዝ፣ ገጹን አለመንካት፣ በጠንካራ ፕላስቲክ መያዣ እርጥበት በሌለበት ቦታ ማስቀመጥ። አረንጓዴው የፕላስቲክ ቅሪት ቢሆን ኖሮ ሳይፈትጉ በንጹሕ አሴቶን ማጠብ ይቻል ነበር፤ አሴቶን እሳት ስለሚይዝ ከእሳት ርቆ።

አያቴ ይህን ሁሉ ሳታነብ ታውቀዋለች። ሙዳይዋ ውስጥ ያለችው ማርትሬዛ ጥቁር ናት። ላጸዳልሽ ስላት ‹‹እኔ ሳልነካት የኖረችውን አንተ ልታነካካት?›› ብላ ነጠቀችኝ። በድሮ ጊዜ ሰው ማርትሬዛን ሲቀበል የሚያየው ብልጭታዋን አልነበረም። በንግሥቲቱ ዘውድና ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር። ንግሥቲቱ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን ሳንቲሟ ከዚያም በኋላ ቪየናን፣ ሮምንና ለንደንን በመሳሰሉ ከተሞች ያንኑ 1780 የሚል ዓመት እንደያዘች ስትመታ ኖራለች። ስለዚህ ዓመቱን ማንበብ ምንም አይነግርም፤ ዝርዝሩን መመርመር ግን ይነግራል። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር ፓሪስ አስመትተው ካወጡ በኋላ እንኳ ሕዝቡ የለመዳትን ቶሎ አልተወም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጽሑፍ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጉድፍ ስናይ ‹‹ማን አደረገው?›› ከማለታችን በፊት ‹‹መቼ መጣ?›› ብለን እንጠይቅ፤ መልሱን እስክናገኝም እጃችንን እንሰብስብ። እኔ አንዱን ጥያቄ ሳልጠይቅ የሰው ስም ላጠፋ ነበር፣ እጄን ሳልሰበስብ ደግሞ የእናቴን ንብረት አበላሸሁ። የመጀመሪያውን መምህሬ አስቆሙኝ። ሁለተኛውን የሚያስቆመኝ አልነበረም።

እናቴ ሳንቲሙን ዛሬም አንገቷ ላይ ታደርገዋለች። የተፈተገውን ቅጠል ወደ ውስጥ፣ ንግሥቲቱን ወደ ውጭ አዙራዋለች። ሰው ሲጠይቃት ‹‹ልጄ ነው ያጸዳልኝ›› ትላለች።