የመንገዱ ሰዓትና የባለቤቴ ሰዓት

ይህ ጽሑፍ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ ለምንጓዝ ሁሉ ነው። እኔ የሰበታው ነኝ።

አርኖልድ ቤኔት የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ በ1908 እ.ኤ.አ. በቀን 24 ሰዓት እንዴት መኖር እንደሚቻል የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። የሚመክረው የለንደን ዳርቻ ነዋሪ የሆነን የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ4 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይሠራል፤ ጠዋትና ማታ 50፣ 50 ደቂቃ ይጓዛል። ይህ ሰው ከሥራ ውጭ ያለውን 16 ሰዓት እንደ ትርፍ መቁጠሩ ስህተት ነው ይላል ቤኔት። ባቡር ላይ ጋዜጣ ማንበብንም ይቃወማል (ለእኛ ለጋዜጠኞች የማይጥም ምክር ነው!)፤ ይልቁንም ከቤት ሲወጣ ጀምሮ ሐሳቡን በአንድ ጉዳይ ላይ ማሰርን ይለማመድ ባይ ነው።

ሞከርኩት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜም ቢሆን ሠርቶልኛል። ብዙ ጽሑፎቼ የተወጠኑት ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና ባለው መንገድ ነው።

በማለዳ ስለ መነሳት የሚሰጠው ምክር ግን አላራመደኝም። የቤት ሠራተኛዋ የሻይ ማፍያውንና ብስኩቱን ማታ አሰናድታ ትተኛ ይላል። የእርሷን 24 ሰዓት ያሰላላት የለም። በእኔ ቤት ሠራተኛ የለችም፤ ከሱብሒ በፊት ተነስታ ምሳዬን የምትቋጥረው ባለቤቴ ናት። "የራስሽ ሰዓት መቼ ነው?" ብላት፣ "አንተ ስትወጣ ልጆቹ ይነሳሉ፤ ሲተኙ አንተ ትገባለህ" አለችኝ።

አሁን ምሳዬን ማታ ራሴ እቋጥራለሁ። እሁድ ከዙህር እስከ መግሪብ ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው፤ እርሷ ወዴት እንደምትሄድ አልጠይቅም።