በእርሻ መሬት ላይ የእንግዳ ማረፊያ መሥራት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ በላሊበላ አቅራቢያ የይዞታ ደብተር ያለው አርሶ አደር በእርሻው ላይ ለጎብኚዎች ማረፊያ ቤቶች መሥራት ይፈቀድለታልን?

መልስ፦ ደብተሩ ብቻውን አይበቃም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ አርሶ አደሩ ያለው የይዞታ መብት፣ ማለትም መሬቱን የመጠቀም እንጂ የመሸጥ ሥልጣን የማይሰጥ መብት ነው፤ ደብተሩም ማሳውን ለእርሻ የመዘገበው ከሆነ፣ መኖሪያ ጎጆ ከመቀለስ አልፎ የንግድ ማረፊያ ማቆም የአጠቃቀም ለውጥ ስለሚሆን፣ ግንባታው ሳይጀመር የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ሊጣራ የሚገባው ማሳው ከከተማው የፕላን ወሰን ውስጥ መውደቅ አለመውደቁ ነው። ከወሰኑ ውጭ ያለ መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997ን በተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 እና በክልሉ ሕግ ይመራል፤ ወደ ከተማ ክልል የተጠቃለለ መሬት ግን ወደ ሊዝ፣ ማለትም በዘመን ተወስኖ በክፍያ ወደሚያዝበት ሥርዓት፣ የሚሸጋገር በመሆኑ፣ በእርሻ ደብተር ተማምኖ ድንጋይ ማስጠረብ ለከባድ ኪሳራ ይዳርጋል፤ ያለ ፈቃድ የቆመ ቤት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ በካሳ ላይ ክርክር ያስነሣልና።

ገንዘብ የሌለው ባለይዞታ መሬቱን በድብቅ ከመሸጥ ይልቅ ከባለሀብት ጋር በጋራ ለማልማት ቢዋዋል እጅግ ይሻላል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት።