ለማይለቅ የክርን ሕመም፦ ከልምምድ እስከ ቀዶ ሕክምና በነታኒያ

የቴኒስ ክርን የሚይዘው ራኬት የጨበጠውን ብቻ አይደለም። የስፖንጃ (የወለል መወልወያ) ጨርቅ ሲጨምቁ መዋል፣ የምግብ ቤት ድስት ማንሳት ወይም መዶሻ መምታት ይበቃል። የሚጎዳው የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሳው ጅማት ነው፤ ክርን ላይ ከአጥንት በሚያያዝበት ቦታ።

መጀመሪያ ሕመሙን ይለዩ። ክንድዎን ዘርግተው፣ መዳፍዎን ወደ ታች አድርገው ወንበር ወይም የምጣድ አክንባሎ ያንሱ። በክርኑ ውጫዊ ጉብታ ላይ ከወጋዎት ምልክቱ ይኸው ነው። ጣት የሚደነዝዝ ከሆነ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይንገሩ። ወጌሻ ጋ ሄዶ በኃይል ማሳሸት ሊያባብሰው ይችላል።

ለቢላ አይቸኩሉ። ከ10 ሰው 8 ወይም 9ኙ በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያሳይዎት ልምምድ ቀላል ነው፦ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው እጅዎ ከጠርዙ ይውጣ፤ ግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ይዘው በሌላው እጅ እየደገፉ ያንሱ፤ ከዚያ እስከ 5 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያውርዱ። የኮርቲዞን መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል። ዓመት ሲሞላ ግን የተወጉት ካልተወጉት የባሱባቸው ጥናቶች ስላሉ ደጋግሞ መወጋትን አልመክርም።

ከ6 እስከ 12 ወር ታግሠው ካልተሻለዎት የቤተሰብ ሐኪሙ ወደ ኦርቶፔድ (የአጥንት ሐኪም) ይላኩዎት። ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ ከኩፓት ሖሊምዎ (ከጤና መድንዎ) ጦፈስ 17 የተባለውን የክፍያ ዋስትና ቅጽ ይጠይቁ፤ የሆስፒታሉን ስምና የሚያገለግልበትን ቀን አይተው ይቀበሉ። የነታኒያው ላኒያዶ ሆስፒታል ቅርብ ነው ብለው ብቻ እዚያ ቱር (ቀጠሮ) አይያዙ፤ ወረቀቱ ወደ ሌላ ከተማ ሊልክዎት ይችላል።

ሳይገባዎት አይፈርሙ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእስራኤል የሕመምተኛ መብት ሕግ ሐኪሙ በሚገባዎት መንገድ እንዲያስረዳዎት ያዛል፤ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክም ቢሆን ይጠይቁ። ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ ሕፃን አስፈሪውን ነገር ዘልሎ ያልፈዋል። አስፒሪንም ሆነ ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ያሳውቁ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ።

በዕለቱ ቀለበትና አምባር ቤት ይቅር። ክንዱ ይደነዝዛል፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀደዳል፣ ግራጫ መስሎ የተበላሸው የጅማቱ ክፍል ተፍቆ ይወጣል፣ ይሰፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም፤ በዚያው ዕለት ቤትዎ ይገባሉ።

ረጅሙ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። እጅዎን በትራስ ከፍ አድርገው ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቱር ሳይጠብቁ ይሂዱ። የማጠንከሪያ ልምምድ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ይጀምራል፤ ከባድ ሥራ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ሊያስጠብቅ ይችላል።

ስለዚህ የሕመም ፈቃዱን ነገር ከቀዶው በፊት ከሥራ ሐኪም ጋር ይጨርሱ። ሕመሙ ከሥራ የመጣ ከሆነ ለብጡዋሕ ለኡሚ (ለብሔራዊ መድን ተቋም) ማመልከቻውን በ12 ወር ውስጥ ያስገቡ። «ጽዳት እሠራለሁ» ብለው ብቻ አይጻፉ፤ በአንድ ፈረቃ ስንት ክፍል እንደሚወለውሉ፣ ጨርቁን ስንት ጊዜ በየትኛው እጅ እንደሚጨምቁ ይዘርዝሩ።