እርጅና ወይስ የሥራ ጫና? የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ልኬት በሠራተኛ ንቦች ላይ

በቴፒና በማሻ ደኖች ዛፍ ላይ በሚሰቀል አንድ ቀፎ ውስጥ እጅግ የተራራቁ ሁለት ዕድሜዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ንግሥቲቱም ሠራተኛዋም ከተመሳሳይ ዓይነት እንቁላል ይፈለፈላሉ፤ የሚለያቸው በእጭነታቸው የሚመገቡት ምግብ ነው። ሆኖም ሠራተኛዋ በቀሰም ወቅት በጥቂት ሳምንታት ስታልቅ ንግሥቲቱ ለዓመታት እንቁላል ትጥላለች።

ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 ባቀረበው መላምት፣ እርጅና በሴል ውስጥ የሚፈጠሩ ፍሪ ራዲካሎች የሚያደርሱት ጉዳት ውጤት ነው። ቡናና ማር በ«አንቲኦክሲዳንት» ስም የሚወደሱትም ከዚሁ አስተሳሰብ በመነሣት ነው። ማስረጃው ግን እንዲህ የተስተካከለ አይደለም። በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች የሚገኘው ፀጉር አልባ ፍልፈል ገና በወጣትነቱ ከፍተኛ የኦክሲዴሽን ጉዳት ቢታይበትም፣ በቤተ ሙከራ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። በንቦችም ዘንድ የንግሥቲቱ ረጅም ዕድሜ በአንቲኦክሲዳንት ኢንዛይሞች ብዛት ብቻ አልተብራራም፤ ቫይተሎጀኒን የተባለው የእንቁላል አስኳል ፕሮቲንም ከኦክሲዴቲቭ ስትረስ የመከላከል ሚና እንዳለው ታይቷል።

በእኔ እምነት ዋናው ችግር ያለው በናሙና አወሳሰድ ላይ ነው። ሠራተኛ ንብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጮችን ትመግባለች፤ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ለቀሰም መውጣት ትጀምራለች። በረራ ከፍተኛ ኦክስጅን ይጠይቃል። ስለዚህ ከቀፎ በር የተያዘችውን ቀሳሚ «አሮጊት»፣ ከእጭ ላይ የተነሣችውን ሞግዚት «ወጣት» ብለን የማሎንዳይአልዲሃይድ መጠናቸውን ብናወዳድር የለካነው ዕድሜን ይሁን ድካምን መለየት አንችልም። ቀሳሚዎች ወደ ሞግዚትነት ሲመለሱ የቫይተሎጀኒን መጠናቸው እንደገና ከፍ ሊል መቻሉ ጥርጣሬውን ያጠናክረዋል።

መፍትሔው አዲስ የተፈለፈሉ ንቦችን ደረታቸው ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ሁሉም እኩያ የሆኑበት መንጋ ማቋቋም ነው። እንዲህ ባለው መንጋ አንዳንዶቹ ያለ ጊዜያቸው ለቀሰም ስለሚወጡ እኩያ ሞግዚቶችንና ቀሳሚዎችን ማነጻጸር ይቻላል። ለዚህ ባህላዊው ቀፎ አያመችም፤ እንጀራውን ሳይቆርጡ ውስጡን መመርመር አይቻልም። የሽግግር ወይም ባለ ፍሬም ቀፎ ያስፈልጋል። ወቅቱም መመዝገብ አለበት፤ የቡና አበባ ሲፈነዳ በረራው ይበዛል፣ ከባድ ዝናብ ሲሆን ንቦቹ ከቀፎ አይወጡም። ናሙናው ደግሞ እዚያው መስክ ላይ ወዲያውኑ በበረዶ ካልተያዘ፣ ቤተ ሙከራ እስኪደርስ ድረስ የስቡ ኦክሲዴሽን መቀጠሉ አይቀርም።