ዕዳችን እንዲያልቅ የሚቸኩለው ማን ነው?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ጭካኔው ግልጽ ነው፤ ግን ሰንሰለቱ አበዳሪውንም ስለሚያጎሳቁለው ዕዳው ቶሎ እንዲያልቅ ሁለቱም ይጓጓሉ። ዛሬ በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የምንኖር ሰዎች የያዝነው ክሬዲት ካርድ የሚያስረው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ባንኩ ከዕዳችን ወለድ የሚያገኘው ሳንጨርስ በቆየን መጠን ነውና አይቸኩልም። መቸኮል ያለብን እኛ ነን፤ ደግሞም እንችላለን!

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የ5,000 ዶላር ዕዳ በ22 በመቶ ዓመታዊ ወለድ አለባችሁ እንበል፤ በአሜሪካ ካርዶች ዘንድ ይህ እንግዳ ቁጥር አይደለም። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 92 ዶላር ገደማ ነው። 100 ዶላር ብትከፍሉ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 8 ዶላር ብቻ ይሆናል። በዚሁ ከቀጠላችሁ፣ ካርዱን ዳግመኛ ባትነኩት እንኳ፣ ከ11 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ በድምሩም ወደ 13,700 ዶላር ትከፍላላችሁ። ክፍያውን ወደ 250 ዶላር ብታሳድጉትስ? ከሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ያልቃል፤ ድምሩም 6,300 ዶላር አካባቢ ነው። በወር 150 ዶላር በመጨመር ብቻ ዘጠኝ ዓመት ነጻነት አተረፋችሁ!

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ የካርድ ሕግ ባንኮች በየወሩ ስቴትመንት ላይ ሁለት ነገር እንዲጽፉ ያስገድዳል፦ ሚኒመሙን፣ ማለትም ዝቅተኛውን ወርሃዊ ክፍያ፣ ብቻ ብትከፍሉ ዕዳው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ በሦስት ዓመት ለመጨረስ ደግሞ በወር ስንት መክፈል እንዳለባችሁ። ቁጥሩን ፈልጋችሁ አንብቡት። ባለትዳር ከሆናችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ አንዱ የደበቀውን ዕዳ ሁለት ሰው ሊከፍለው አይችልም።

ከዚያ ካርዱ ይቁም፤ አስቤዛውም ቤንዚኑም በዴቢት ካርድ ይሁን። ካርዶቹ ብዙ ከሆኑ ሒሳብ አዋቂዎች ከፍተኛ ወለድ ካለው ጀምሩ ይላሉ፤ በቁጥር ልክ ናቸው። እኔ ግን ትንሹን ዕዳ አስቀድሙ እላለሁ፤ የሌሎቹን ሚኒመም ሳታቋርጡ። አንዱ ካርድ ዜሮ ሲገባ በዓይን ማየት ለሚቀጥለው ወር ጉልበት ይሰጣል፤ ይህን መንገድ ደግሞ ያለ ጉልበት የሚጨርሰው የለም።

እኛ ከአገር ይዘነው የመጣነው ትልቅ አቅምም አለ፦ ዕቁብ። አሥር ሰዎች በወር 500 ዶላር ቢጥሉ ዕጣው የወጣለት ሰው 5,000 ዶላር ይቀበላል፤ ያውም ያለ ወለድ። ያ ገንዘብ በደረሰበት ዕለት በቀጥታ ወደ ካርዱ ይግባ። ዕጣው ቀድሞ ከደረሳችሁ ቀሪውን ወራት መጣል ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ያ ዕዳ አይወልድም፤ የሚጠብቁትም ሰዎች በስም የሚያውቋችሁና እንድትጨርሱ የሚፈልጉ ናቸው። ዕዳ እንዳለባችሁ ለዕቁቡ ዳኛ ብትነግሩ ቅድሚያ ሊሰጣችሁ የሚፈቅድ አባል አይጠፋም። ብቻ ከምታምኗቸው ሰዎች ጋር ግቡ፤ ዕቁቡም ዋስ ይኑረው።

ብዙ ጊዜ ዕቅዱን የሚያናጋው ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ ነው። እናት ታማለች፣ እህት ልትዳር ነው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። ለቤተሰብ መላክ ክብራችን ነውና አትተዉት። በክሬዲት ካርድ ግን አትላኩ፤ ብዙ ባንኮች እንዲህ ያለውን ክፍያ ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣችሁ ስለሚቆጥሩት ኮሚሽን ይጨምሩበታል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ይልቅ ከእያንዳንዱ ደሞዝ ጥቂት እየነጠላችሁ የቤተሰብ ሒሳብ ክፈቱ። እሱ ሲያልቅ እውነቱን ተናገሩ፤ «እማዬ፣ ዕዳ እየጨረስኩ ነውና ትንሽ ታገሺኝ» ማለት ነውር አይደለም። ልጇ ከዕዳ ሲወጣ እንደ እናት የሚመርቅ ማን አለ?

«ያለ ካርድ ክሬዲት የለም፣ ያለ ክሬዲት ቤት የለም» የሚሉህን ሰዎች፣ ወዳጄ፣ አክብረህ ስማቸው፤ ግን አትፍራ። በመንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የኤፍ ኤች ኤ የቤት ብድር መመሪያ የክሬዲት ነጥብ የሌለው ሰው በኪራይና በመብራት ክፍያ ታሪኩ እንዲመዘን ይፈቅዳል። ሁሉም አበዳሪ እንዲህ አይሠራም፤ የሚሠራውን ጠይቆ ማግኘት ያስፈልጋል። ማስረጃው የሚሰበሰበው ግን ከአሁኑ ነው፤ የዚህን ወር ኪራይ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቼክ ክፈል፤ ደረሰኙንም አስቀምጠው።