ለጆሮ የሚመረጥ መጽሐፍ

ሕፃን በዓይኑ ከሚያነበው ይልቅ በጆሮው የሚሰማውን አስቀድሞ የሚያስተውል ስለ ሆነ፣ ወላጅም ሆነ መምህር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነብለት የሚመርጠው መጽሐፍ፣ ልጁ ራሱ ፊደል እየለቀመ እንዲያነበው ከሚሰጠው የተለየ ሊሆን ይገባዋል። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያስተውል የሁለተኛ ክፍል ልጁን የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ያነብለታል፤ ልጁም ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ከሚናገረው ያጠረና የደረቀ ዐረፍተ ነገር ሲሰማ ይሰለቻል፤ አንባቢውም «ይህ ልጅ መጽሐፍ አይወድም» ብሎ ይፈርድበታል። ስለዚህ ለጆሮ የሚመረጠው፣ ልጁ ብቻውን ሊወጣው ከሚችለው አንድ ሁለት ክፍል ከፍ ያለ ይሁን፤ ያልሰማው ቃል ቢያጋጥመው የታሪኩ አካሄድ ትርጓሜውን ይገልጥለታልና።

በጆሮ መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ተማሪ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት የሚደግመው ከመምህሩ አፍ እየሰማና ለመምህሩ እያሰማ ነው፤ በቁርኣን ቤትም ሥርዓቱ ከዚህ አይርቅም። ሆኖም በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚያህሉት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማንም መጽሐፍ አንብቦለት የማያውቅ ልጅ፣ በገጹ ላይ የተሰለፉት ምልክቶች ደስ የሚያሰኝ ነገር ይዘው እንደ ተቀመጡ ከየት ያውቃል?

ለምሳሌ በኦሮሚያ ክልል በኦጎልቾ፣ በዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ፣ መጽሐፍ ሲመረጥ ከሁሉ የሚቀድመው የልሳን ነገር ነው። በዚያ የሚበዛው ሕፃን አፉን የፈታው በኦሮምኛ ሲሆን፣ የክልሉም አንደኛ ደረጃ ትምህርት በዚሁ ልሳን፣ በላቲን ፊደል በሚጻፈው በቁቤ ይሰጣል፤ አማርኛን የሚያገኘው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። እንግዲህ መጀመሪያ የሚነበብለት ልጁ በሚስቅበትና በሚያለቅስበት ልሳን የተጻፈው ይሁን፤ ያው ታሪክ በሌላ ቀን በአማርኛ ቢነበብለት፣ ነገሩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው አዲሱን ቃል ያለ ጭንቀት ይቀበለዋል። አማርኛውን የሚያነብ ሰው ግን አስቀድሞ ብቻውን ጮክ ብሎ ይሞክረው፤ ቁቤ የሚጠብቀውን ተነባቢ ደርቦ ሲጽፍ የእኛ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው በምልክት አይለይምና፣ ያልተዘጋጀ አንደበት በመካከል ይደናቀፋል፤ ሕፃናቱም የታሪኩን ፈትል ይስታሉ። በዚህ ሙከራ ላይ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ለሰሚ ሳይሆን ለተቈጣጣሪ የተጻፈ የሚመስል መጽሐፍ፣ ሥዕሉ ምንም ያማረ ቢሆን፣ ለዚህ ግብር አይሆንም።

ስለ ተረት የምለው አለኝ። በየገጹ ቃለ ምዕዳን የሚያበዛ፣ በመጨረሻም ምክሩን ደግሞ የሚዘረዝር መጽሐፍ የሕፃኑን ኅሊና ሥራ ፈት ያደርገዋል፤ ቀበሮ ጅብን ያታለለችበትን ታሪክ የሰማ ልጅ ማን እንደ በደለና ማን እንደ ተበደለ ራሱ ይከራከርበት ዘንድ ሊተውለት ይገባል። ደግሞም ሁሉ ተረት አይሁን። በአቅራቢያው ባለው በዝዋይ ሐይቅ ጉማሬ ይኖራል፤ ቱሉ ጉዶ በተባለችው ደሴት ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ተጠብቀዋል፤ ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት የስንዴ ዝርያዎችም አንዱ ኦጎልቾ ይባላል። የከተማው ስም በስንዴ ማሳ እንደሚጠራ የሰማ ልጅ ጥያቄው አያልቅም፤ እንዲህ ያለውም ነገር ታትሞ ባይገኝ፣ መምህሩ በአንድ ገጽ ጽፎ ሊያነብለት ይችላል። በአንድ ክፍል የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አብረው ስለሚቀመጡ፣ ፋጡማም ጫልቱም ወለተ ማርያምም በየታሪኩ ራሳቸውን የሚያገኙበት ምርጫ ይደረግ፤ አንዲቱ ዘወትር ባለቤት፣ ሌላይቱ ዘወትር እንግዳ እንዳትሆን።

መጽሐፍ ከየት ይገኛል ለሚል፣ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ስለ ሞኙ ማሞ የሚነገረውን የቆየ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳትሞ፣ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት መክፈቱ መልካም አብነት ነው። ዛሬም «አፍሪካን ስቶሪቡክ» በተባለው የኢንተርኔት ማኅደር በአማርኛም በኦሮምኛም የተጻፉ ባለ ሥዕል ታሪኮች ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ ስልክ ያለው መምህር አውርዶ ሊያትማቸው ይችላል። ሲያትምም በትልቅ ወረቀት ያድርገው፤ ክፍሉ በተማሪ በሞላበት ስፍራ በኋለኛው ወንበር የተቀመጠ ልጅ ሥዕሉን ካላየ ከጎረቤቱ ጋር ወሬ ይጀምራል።

ብዙ ለመሰብሰብ ግን መቸኰል አያሻም። ሕፃናት የወደዱትን ታሪክ ደግመው ደጋግመው ስለሚያስነብቡ፣ መራጩ አንድ መጽሐፍ ከመያዙ በፊት ይህን ለሃያኛ ጊዜ በሙሉ ልብ ላነብላቸው እችላለሁን ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ የማይችል ከሆነ መልሶ ያስቀምጠውና ሌላ ያንሣ።